የምዝገባ ቅጽና አዲሱ ተማሪ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የሚጨርስ ልጅ ቀንና ሌሊት የሚያስበው ስለ ፈተናው ነው። ወላጅም ሆነ ጎረቤት፣ መምህርም ሆነ የመንደር አዛውንት የሚጠይቀው «ስንት አመጣህ?» ብሎ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተገለጸ ጊዜ ግማሽና ከግማሽ በላይ ነጥብ ያገኙት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው ከተሰማ ወዲህማ፣ ፈተናውን ያለፈ ልጅ ሁሉንም ነገር ያለፈ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ከፈተናው ቀጥሎ ሌላ በር አለ። እርሱም የሬጅስትራር መስኮት ነው። በዚህ በር እንዴት እንደሚገባ የሚያስተምር የትምህርት ክፍለ ጊዜ የለም። ስለሚሰናከሉበት ልጆች ቁጥርም በየዓመቱ የሚነገር መግለጫ የለም።

በዚህ ጽሑፍ ልንተች የተነሣነው ይህንኑ በር፣ ከሁሉም ይበልጥ ደግሞ በመስኮቱ በኩል የሚሰጠውን ቅጽ ነው። ልብ ወለድና ተውኔት በሚተችበት መጽሔት ላይ ቅጽ መተቸት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ቅጽም ጽሑፍ ነው። የጻፈው ሰው አለ፤ ጸሐፊው በአእምሮው የሣለው አንባቢም አለ። «ስም» ብሎ ሳጥን ሲያበጅ ስለ ስም የሚያምነው ነገር አለው፤ «የትውልድ ቀን» ሲልም ስለ ዘመን የሚያምነው ነገር አለው። ቅጹን የሚሞላው ተማሪ ጸሐፊው እንዳሰበው ዓይነት ሰው ከሆነ በደቂቃዎች ውስጥ ጨርሶ ይሄዳል። ካልሆነ ግን የቅጹ ጉድለት እንደ ተማሪው ጉድለት ይቆጠርበታል። ትችታችንን ከካላክላ የምንጀምረውም ስለዚህ ነው፤ በአገር ቤት ተሸፍኖ የሚያልፈው ነገር እዚያ ፍጥጥ ብሎ ይታያልና።

ካላክላ ከካርቱም መሀል ከተማ በስተ ደቡብ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳርቻ የተዘረጋ ሰፊ ሰፈር ነው። ነዋሪው ራሱ ካላክላ ላፋ፣ ካላክላ ጉባ፣ ካላክላ ሰንገአት እያለ ይከፋፍለዋል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 እስኪነሣ ድረስ በካርቱም ዳርና ዳር ከሱዳናውያን ጋር ግቢ ተጋርተው ይኖሩ ከነበሩት ኢትዮጵያውያን የተወሰኑት መኖሪያቸው በዚያ ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜና በአንድ ምክንያት የመጡ አልነበሩም። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር የዩኒቨርሲቲና የ11ኛ፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ከነመምህሮቻቸው ወደ ገጠር ተላኩ። ከዚያም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ቀይ ሽብር ወጣቱን ሲያጭደው፣ በመተማ በኩልም በሌላውም መንገድ ድንበር ተሻግሮ የተሰደደው ብዙው ተማሪ ነበር። ደብተሩን ትቶ የሸሸ ልጅ የምሥክር ወረቀቱን በኪሱ ይዞ አይሸሽም። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ረሃብ ገበሬውን ከነቤተሰቡ አፈለሰው፤ በ1990ዎቹና ከዚያም በኋላ ሥራ ፍለጋ የሚሻገረው በዛ። በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳ እንደገና ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱን መቀጠል የሚሻ ልጅ ምን ጊዜም አልጠፋም።

የዕድል ነገር ሆነና ቋንቋውና ወንበሩ አንድ ላይ ሊገጥሙለት አልቻሉም። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች በገቡበት ዘመን የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በእንግሊዝኛ ነበር። ከኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት የወጣ ልጅ ንግግሩን ሰምቶ ማስታወሻ መያዝ ይችል ነበር። ነገር ግን በመላ ሱዳን የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ ለባለ አገሩም ወንበር አልበቃ ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ መንግሥት የዩኒቨርሲቲዎቹን ቁጥር ሲያበዛ ወንበሩ በረከተ፤ ያው መንግሥት በዚያው ዓመት የማስተማሪያው ቋንቋ ዐረብኛ እንዲሆን በመወሰኑ ግን ወንበሩ ሲገኝ ቋንቋው ሄደ። ከዚያ በኋላ በእንግሊዝኛ መማር የፈለገ እንደ ኦምዱርማኑ አህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ያሉትን ጥቂት ቦታዎች ማየት ነበረበት፤ አህፋድ ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው ወንድ አይቀበልም። በመድረሳ ዐረብኛ የተማሩ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን በዓለም አቀፉ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል የተሻለ መንገድ አግኝተዋል። የቀረው በገበያና በሻይ ቤት የለቀመውን ዐረብኛ ይዞ ከፊዚክስ መጽሐፍ ጋር ተፋጠጠ። የገበያ ዐረብኛ ቲማቲም ያስገዛል እንጂ ስለ ግፊትና ስለ ፍጥነት አያናግርም።

እንግዲህ ቋንቋውንም ተጋፍጦ፣ ወንበርም አግኝቶ የመጣ ልጅ አለ እንበል። ቅጹን ተቀበለ። የመጀመሪያው ሳጥን ስም ነው።

የሱዳን ሰነድ የሚጠይቀው ባለ አራት ስም ነው፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት፣ የቅድመ አያት። የእኛ ምሥክር ወረቀት የሚይዘው ቢበዛ ሦስት ነው። ሰባት ቤት የሚያስቆጥር ባህል ላለው ሕዝብ አራተኛውን ስም መጥራት አይቸግረውም። የጎጃም ወይም የወሎ ልጅ ቢጠየቅ እስከ ሰባተኛው ሳይደናቀፍ ሊወርድ ይችላል። ችግሩ የቃሉ ሳይሆን የወረቀቱ ነው። በቃል የሚታወቀው ቅድመ አያት በትራንስክሪፕቱ ላይ የለም፤ በቅጹ ላይ ከጻፈው ደግሞ ቅጹና ትራንስክሪፕቱ አልተመሳሰሉም ይባላል። ካልጻፈው ስሙ ጎደሎ ነው። ልጁ የሚመርጠው ከሁለት ስሕተቶች አንዱን ነው፤ ሁለቱም ደግሞ የእርሱ አይደሉም።

ከዚህም የሚብስ አለ። ለምሳሌ ያህል ገብረ መድኅን ወልደ ጊዮርጊስ ኃይለ ማርያም የሚባል ተማሪ እናስብ። ይህ በእኛ ዘንድ ሦስት ስም ነው፤ ነጥሎ ለሚቆጥር ጸሐፊ ግን ስድስት ቃል ነው። አራት ሳጥን ያለው ቅጽ ሲቀርብለት ጸሐፊው ከግራ ወይም ከቀኝ ጀምሮ ቃል በቃል ይደረድረዋል፦ ገብረ፣ መድኅን፣ ወልደ፣ ጊዮርጊስ። አራቱም ሳጥኖች ሞሉ! ቅጹ ምንም አልጎደለበትም፤ ማኅተም ይመታበታል። ልጁ ግን «ገብረ» ሆኖ ቀረ፤ አባቱ «መድኅን» ሆኑ፤ አያቱ ኃይለ ማርያም ከነጭራሹ ከዘር ሐረጉ ወጡ። እውነተኛ ስሙን በሦስቱ ሳጥኖች የጻፈው ልጅ «ያልተሟላ» ተብሎ ሲመለስ፣ ስሙ የተቆራረጠው ልጅ ያልፋል። አንድ ቅጽ እውነቱን የሚጥልና ሐሰቱን የሚቀበል ከሆነ፣ ጸሐፊውን ብቻ ብንወቅስ ፍርድ አጓደልን ማለት ነው። ጸሐፊው የተሰጠውን ሳጥን ሞላ እንጂ ሳጥኑን አልሠራውም።

ቀጥሎ ፊደል ይመጣል። ስሙ በመጀመሪያ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ ት/ቤቱ በላቲን ገለበጠው፤ ካርቱም ላይ በዐረብኛ ተጻፈ፤ ከዐረብኛው ደግሞ ሌላ ጸሐፊ መልሶ በላቲን ጻፈው። በዐረብኛ ፊደል «ጰ»ም «ፐ»ም የለም፤ «ቸ»ና «ጨ» የለም፤ «ኘ» የለም። ስለዚህ ጴጥሮስ ቡጥሩስ ይሆናል። ቸርነት በ«ሸ» ይጀምራል። የሱዳን ሰው «ቃፍ» የተባለውን ፊደል በንግግሩ «ገ» እያለ ስለሚያነበው በ«ቀ» የሚጀምረው ስም በሁለተኛው ግልባጭ ላይ በ«ገ» ብቅ ይላል። አናባቢው ብዙ ጊዜ ስለማይጻፍ ከአንድ ጽሑፍ ሁለት ሦስት ንባብ ይወጣል፤ ከበደ የሚባለው ሰውማ አጻጻፉ ትንሽ ከተዛባ ጉበት ተብሎ ሊነበብ ይችላል። (ይህ በካርቱም ቡና ቤቶች ብዙ የተሳቀበት ነገር ነው፤ በሬጅስትራር መስኮት ፊት ግን አያስቅም።) አንዳንዱ ጸሐፊ ደግሞ በቅንነት ስሙን ይተረጉመዋል፦ ሙሴን ሙሳ፣ አብርሃምን ኢብራሂም፣ ዮሴፍን ዩሱፍ። እንደ ጨዋነት ቢታይ የእንግዳውን ስም በራስ አንደበት ማክበር ነው። ነገር ግን ተማሪው በአራት ዓመት ትምህርት ጨርሶ ዲግሪ ሲቀበል፣ ዲግሪው ላይ ያለው ኢብራሂምና የ12ኛ ክፍል ካርድ ላይ ያለው አብርሃም አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳለት ምስክር ማምጣት አለበት።

ይህን ሁሉ የምንለው በውጭ አገር ጸሐፊ ላይ ለማላገጥ አይደለም። ገና ልጁ አገር ቤት ሳለ የስሙ መበላሸት ተጀምሯል። በክፍል መዝገቦች ላይ «ገ/መድኅን»፣ «ወ/ጊዮርጊስ»፣ «ኃ/ማርያም» እየተባለ ይጻፋል። ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚመዘግብ የክፍል ኃላፊ መምህር እጅ ይህ አጭር አጻጻፍ ድካም ማቃለያ ነው፤ አማርኛ የሚያውቅ አንባቢም ሳይቸገር ያነበዋል። ይኸው መዝገብ ግን ወደ ላቲን ፊደል ይገለበጣል። በ8ኛ ክፍል ካርድ ላይ ስሙ ሁለት ቃል ሆኖ ተለያይቶ ተጻፈ። በ10ኛ ክፍል ተገጣጠመ። በ12ኛ ክፍል አንድ ፊደልና እዝባር ሆነ። ለባዕድ አገር ሬጅስትራር እነዚህ ሦስት የተለያዩ ተማሪዎች ናቸው፤ «ገ» ማለት ገብረ እንደ ሆነ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ የለውም። የስም አጻጻፍ በእኛ ት/ቤቶች የእጅ ጽሑፍ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ የሚያስቆጨን ለዚህ ነው። አንድ ልጅ በ9ኛ ክፍል ሲመዘገብ ስሙን በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፈው ተጠይቆ፣ ከወላጁ ጋር ተስማምቶ፣ አንድ ጊዜ ተወስኖ እስከ መጨረሻው በዚያው ቢጸና የሚጠይቀው ወጪ አንድ መስመር ቀለም ነው።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ብዙ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለንም፤ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ይዘነጋዋል። መስከረም 15 ቀን 1980 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተወለደው መስከረም 26 ቀን 1987 ነው። ልጁ ሳይለውጥ «15/1/1980» ብሎ ከጻፈ በጥር 1980 እንደ ተወለደ ይቆጠራል፤ በአንዲት መስመር ሰባት ዓመት ከስምንት ወር አረጀ ማለት ነው። ለነፃ ትምህርት ዕድል የዕድሜ ገደብ ባለበት ቦታ ሰባት ዓመት ቀላል ነገር አይደለም። በጳጉሜን የተወለደውስ? አሥራ ሦስተኛ ወር የሚቀበል ቅጽ በካርቱም አልነበረም። ስሟን የማናነሣት አንዲት ተማሪ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች በመሆኗ፣ ስሙን የማንጠቅሰው ኮሌጅ የልደት ማስረጃዋን «የማይቻል ቀን የያዘ» በማለት እንደ መለሰባት እናስታውሳለን። ለጸሐፊው ወሩ እንዳለ ለማስረዳት የተደረገው ሙከራ ረጅም ነበር። በመጨረሻ ያሳመነው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። «በ2 ሰዓት ተገኙ» የሚል ማስታወቂያ ለአዲስ መጪ ኢትዮጵያዊ ማለዳ ነው፤ ለካርቱም ከቀትር በኋላ ነው። በዚህ ላይ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2000 ሰዓቷን ከአዲስ አበባ ጋር አስተካክላ፣ በኅዳር 2017 መልሳ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ አድርጋዋለች።

አሁን ወደ ዋናው ሰነድ እንምጣ። ማንኛውም ጠንቃቃ ሬጅስትራር ተማሪው በእጁ ይዞ ከሚመጣው ትራንስክሪፕት ይልቅ፣ ከት/ቤቱ ታሽጎ በቀጥታ የሚላከውን ያምናል። ይህ አሠራር በአዲስ አበባም፣ በካርቱምም፣ በሌላውም ዓለም አለ፤ ምክንያቱም የታወቀ ነው። የተጭበረበረ የምሥክር ወረቀት በአገራችን ምን ያህል እንዳስቸገረ መምህር የሆነ ሁሉ ያውቃል። ሰነፉ በሐሰት ወረቀት ወንበር ሲይዝ የሚፈናቀለው ደክሞ ያለፈው ተማሪ ነው። ስለዚህ «ሬጅስትራሮች ለምን ይጠነክራሉ?» ብለን አንጠይቅም፤ ይጠንክሩ። ጥያቄያችን የጥንካሬው መጠን ሳይሆን ያረፈበት ቦታ ነው።

ታሽጎ በቀጥታ ይላክ የሚለው ደንብ አንድ ነገር አስቀድሞ ያምናል፦ ተማሪው ከወጣበት አገር ጋር ሰላም እንደ ሆነ። ስደተኛ ማለት ግን ሰላም ያልሆነ ሰው ማለት ነው። በ1970 ዓ.ም. ከጎንደር የሸሸ ልጅ ለት/ቤቱ «ካርቱም ነኝ፣ ትራንስክሪፕቴን ላኩልኝ» ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤው የቀሩትን ወላጆቹንና ወንድሞቹን አሳልፎ ይሰጣል። በ2013 ዓ.ም. ከሑመራ የሸሸው ልጅ ደግሞ ደብዳቤ የሚጻፍለት ት/ቤት ራሱ ተዘግቶ ነበር። እንደዚህ ላለው ልጅ «ከት/ቤትህ አስልክ» ማለት በትሕትና የተነገረ «አይቻልም» ነው። ስለዚህ ነገር ጉዳዩን የሚመለከተው ሕግ ከቅጹ የተሻለ አስቧል። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት በአንቀጽ 22 ላይ ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ላለው ትምህርት መንግሥታት ለስደተኛው በተቻለ መጠን የተመቸ፣ ቢያንስ ግን ለሌሎች የውጭ አገር ሰዎች ከሚሰጠው ያላነሰ አያያዝ እንዲሰጡ ያዛል። ይኸውም ትምህርት ለመግባት፣ የውጭ አገር የምሥክር ወረቀት እውቅና ለማግኘት፣ ከክፍያ ነፃ ለመሆንና የነፃ ትምህርት ዕድል ለመካፈል ነው። ሱዳን ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ1974 ተቀብላለች፤ በዚያው ዓመትም የጥገኝነት ሕግ አውጥታለች። ነገር ግን ስለ ነፃ ዝውውር የሚናገረውን 26ኛውን አንቀጽ በተመለከተ ገደብ አስቀምጣለች። እዚህ ላይ ሕጉ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነሣል። ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚበዙት ካርቱም ውስጥ ነው፤ ስደተኛው እንዲቀመጥ የታዘዘው ደግሞ በምሥራቅ ሱዳን መጠለያ ውስጥ ነው። የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ካርቱም የገባ ልጅ ከካላክላ ተነሥቶ ወደ ምዝገባው ሲሄድ በአውቶቡሱ መስኮት የሚያየው መንገዱን ሳይሆን ፖሊሱን ነው። በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ከሻ» የሚለውን ቃል ያውቃል፤ በየመንገዱ የሚካሄድ አፈሳ ማለት ነው። ለምዝገባ የመጨረሻው ቀን ከከሻ ቀን ጋር ከተገናኘ ቀኑ ያልፋል።

ደርሶም ቢሆን ሌላ ሳጥን ይጠብቀዋል። «ዜግነት» የሚለው መስመር ሁለት ዓይነት ሰው ያውቃል፦ ሱዳናዊና የውጭ አገር ሰው። ሱዳናዊው ብሔራዊ ቁጥሩን ይጽፋል። የውጭ አገር ሰው ፓስፖርቱን ያቀርባል፤ ክፍያውም እንደ ውጭ አገር ተማሪ በዶላር ይተመንለታል። ፓስፖርትም ብሔራዊ ቁጥርም የሌለው፣ የስደተኛ መታወቂያ ብቻ የያዘ ልጅ በየትኛው መስመር ይግባ? ገንዘቡን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው፣ በጀርመን መንግሥት ገንዘብ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በኩል የሚሰጠው «ዳፊ» የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ለጥቂቶች ደርሶላቸዋል። ነገር ግን ዳፊም ቢሆን ተማሪው አስቀድሞ ተቀባይነት ያገኘበትን ወረቀት ይጠይቃል፤ ኮሌጁ ደግሞ ከመቀበሉ በፊት ማን እንደሚከፍል ይጠይቃል። ልጁ በሁለቱ መስኮቶች መካከል ይመላለሳል።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ወረቀት የሌለውን ሁሉ እንቀበል?» ለሚለን አንባቢ መልስ አለን። ወረቀት የእውቀት ምስክር ነው። ምስክሩ ሲጠፋ ባለቤቱን ራሱን መጠየቅ ይቻላል። እኛ መምህራን ከዚህ የተለየ ሙያ የለንም! ፈተና አውጥቶ፣ ተማሪን ፊት ለፊት ጠይቆ፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ መለየት የዕለት ሥራችን ነው። ይህም በተግባር ታይቷል። ኢትዮጵያ ራሷ ለኤርትራውያን ስደተኞች የዩኒቨርሲቲ በር ስትከፍት፣ ሰነድ ያልያዙትን በመግቢያ ፈተና ለክታ ተቀብላለች። ዩኔስኮም ሰነዳቸው ለጠፋ ስደተኞች ያዘጋጀውንና ባለሙያዎች ስደተኛውን በቃል ጠይቀው፣ ያለውንም ማስረጃ መርምረው የሚሰጡትን የትምህርት ማስረጃ ፓስፖርት እ.ኤ.አ. በ2019 በዛምቢያ ሞክሮታል። በአዲስ አበባ በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ የጸናው የአፍሪካ አገሮች የትምህርት ማስረጃ እውቅና ስምምነት የከተማችንን ስም ይዞ ነው የሚጠራው። እንግዲህ ሐሳቡ አለ፤ ውሉ አለ፤ በሬጅስትራሩ ጠረጴዛ ላይ ያለው ቅጽ ግን ይህንን ሁሉ አልሰማም።

ስለ ውጤት አቻነትም አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። የቀድሞው የእኛ የ12ኛ ክፍል የምሥክር ወረቀት ውጤቱን በፊደል ይሰጥ ነበር፤ ቆይቶ የመጣው የመግቢያ ፈተና ለብዙ ዓመታት ከ700 ተሰላ፤ የሱዳን የምሥክር ወረቀት የሚነበበው በመቶኛ ነው። በከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥር ያለው የቅበላና የሰነድ ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት አንዱን ወደ ሌላው ሲመነዝር ተማሪው የሚያየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ነው። እንዴት እንደ ተሰላ ቢጠይቅ የሚመልስለት መስኮት የለም። የእኛም አገር የአቻ ግምት አሠራር ከዚህ የተሻለ ግልጽነት አለው ብለን ለመመስከር አንደፍርም። ስሌቱ በአንድ ገጽ ታትሞ በግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ማንን ይጎዳል?

ይህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 15 ቀን 2023 በኋላ የተገለበጠ መሆኑ ነው ጽሑፉን አሁን እንድንጽፍ ያነሣሣን። ጦርነቱ ካርቱም መሀል ሲፈነዳ ዩኒቨርሲቲዎቹ ተዘጉ፤ በርካቶቹ ተዘረፉ። በኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረው የመሐመድ ዑመር በሽር የጥናት ማዕከል ቤተ መጻሕፍት በግንቦት 2023 ተቃጠለ። ካላክላ በከባድ መሣሪያ ተደበደበች። ትናንት የሐበሻውን ልጅ «ማስረጃህን ከት/ቤትህ አስልክ» ሲል የነበረው ሱዳናዊ ዛሬ የራሱ ማስረጃ ያለበት መዝገብ ቤት ይኑር አይኑር ማረጋገጥ የተሳነው ሆነ። በ2023 ሊሰጥ የሚገባው የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ፈተና እንኳ የተሰጠው በታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ነው። ብዙ ሺህ ሱዳናውያን ያን መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ ተጉዘው በመተማ በኩል ወደ አማራ ክልል ገቡ፤ በመጀመሪያ ኩመርና አውላላ፣ ከ2024 አጋማሽ በኋላም አፍጢት በተባለው ቦታ ተጠለሉ። ከእነርሱ መካከል ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳሉ ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎች አሉ።

የ2011 ዓ.ም. የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 ለከፍተኛ ትምህርት በሩን ከፍቷል፤ ባለው አቅምና በትምህርት ፖሊሲው መሠረት ስደተኛው ለሌሎች የውጭ አገር ዜጎች ከሚሰጠው ሁሉ የተሻለውን አያያዝ እንዲያገኝ ይላል። አዋጁ መልካም ነው። ከአዋጁ በታች ግን ቅጹ አለ። የእኛ ቅጽ ሦስት ሳጥን አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሱዳናዊው ተማሪ አራት ስም ይዞ ይመጣል፤ ከመካከላቸውም «ዐብዱ» የሚለውን ቃል ከሚቀጥለው ነጥሎ መጻፍ እንደማይገባ ጸሐፊው ላያውቅ ይችላል። የትውልድ ቀኑን ሊጽፍ ሲል ወሩ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ቅጹ አይነግረውም። ንግግሩና መጽሐፉ በዐረብኛ የነበረ ልጅ በእንግሊዝኛ ሊማር ነው። ጎንደርም ሆነ ባሕር ዳር የሚቀመጠው የሬጅስትራር ጸሐፊ አሁን በመስኮቱ በዚህኛው በኩል ነው፤ ከአራቱ ስም የትኛውን እንደሚጥል የሚወስነውም እርሱ ነው።